የዲዝኒ ወርልድ ትኬትና ቀድሞ የሚያዝ የመጫወቻ ሰዓት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ልጆቹን ይዞ ኦርላንዶ፣ ፍሎሪዳ ለመሄድ የሚያስብ ቤተሰብ ብዙ ጊዜ ሁለት ነገር ይምታታበታል፦ በር የሚያስገባው ትኬትና ሰልፍ የሚያሳጥረው ፓስ። ትኬቱን በብዙ ድካም አጠራቅሞ የገዛ ሰው ስለ ፓሱ የሚሰማው ፓርኩ ውስጥ ከገባ በኋላ ሲሆን፣ ጥሩ ጥሩው ሰዓት ከቀናት በፊት ተይዞ አልቆ ያገኘዋል። ይህ እንዳይደርስ ከዚህ በታች ያለውን ከጉዞው በፊት ያንብቡት።

የመግቢያ ትኬት ከገዛሁ ለየመጫወቻው ለብቻ እከፍላለሁ?

አይከፍሉም። ትኬቱ ፓርኩ ውስጥ ያሉትን መጫወቻዎች ይሸፍናል፤ ተሰልፎ ለሚገባ ተጨማሪ ክፍያ የለም። የሚከፈለው ሰልፉን ለማሳጠር ብቻ ነው። ትልልቆቹ መጫወቻዎች ሁለት መግቢያ አላቸው። አንደኛው ሁሉም ሰው የሚሰለፍበት ነው፤ ሁለተኛው ላይትኒንግ ሌን ይባላል፣ የሚገባበትም ሰዓት ያስያዘ ሰው ነው። ሁለቱ ሰልፎች ውስጥ ሲገናኙ ሠራተኛው ከላይትኒንግ ሌን ብዙ ሰው፣ ከተራው ሰልፍ ጥቂት እያደረገ ያሳልፋል። ተራው ሰልፍ አንዳንዴ ቀጥ ብሎ የቆመ የሚመስለው ለዚህ ነው።

የሚሸጠው ፓስ ሦስት ዓይነት ነው። መልቲ ፓስ አስቀድመው 3 መጫወቻ የሚይዙበት፣ በዕለቱም አንዱን ሲጠቀሙ ሌላ የሚጨምሩበት ነው። ሲንግል ፓስ በጣም ለሚፈለጉት መጫወቻዎች በተናጠል ይገዛል፤ ከዲዝኒ ወርልድ አራት ፓርኮች በማጂክ ኪንግደም ትሮን፣ በኤፕኮት ኮስሚክ ሪዋይንድ፣ በሆሊውድ ስቱዲዮስ ራይዝ ኦፍ ዘ ሬዚስታንስ፣ በአኒማል ኪንግደም ፍላይት ኦፍ ፓሴጅ በዚህ ይያዛሉ። በቀን ከ2 በላይ መግዛት አይቻልም፤ ሲንግል ፓስ ለመግዛት መልቲ ፓስ መያዝ ግን ግዴታ አይደለም። ሦስተኛው ፕሪሚየር ፓስ ነው። ሰዓት መያዝ ሳያስፈልግ በአንድ ፓርክ ያሉትን ላይትኒንግ ሌኖች እያንዳንዳቸውን አንድ አንድ ጊዜ ያስገባል። ኦክቶበር 30፣ 2024 ሲጀመር የወጣው ዋጋ እንደ ፓርኩና እንደ ቀኑ ለአንድ ሰው ከ129 እስከ 449 ዶላር ነበር፤ ለብዙ ቤተሰብ የሚመከር አይደለም።

በ2018 የሄዱ ዘመዶቼ ሰዓት ማስያዝ በነፃ ነበር ይላሉ። እውነት ነው?

እውነት ነው። በ1999 የተጀመረው ፋስትፓስ በነፃ የሚሰጥ ወረቀት ነበር። በኋላ የመጣው ፋስትፓስ ፕላስም ከትኬቱ ጋር አብሮ የሚሰጥ ሆኖ፣ 3 መጫወቻ ከ30 ቀን በፊት፣ በዲዝኒ ሆቴል ላረፈ ደግሞ ከ60 ቀን በፊት ያስይዝ ነበር። ያ ቀርቷል። ኦክቶበር 19፣ 2021 በክፍያ የሆነው ጂኒ ፕላስ ተተካ፤ ጁላይ 24፣ 2024 ደግሞ ስሙም አሠራሩም ተቀይሮ የአሁኑ ላይትኒንግ ሌን መልቲ ፓስ ሆነ። ስለዚህ «60 ቀን» ወይም «ጂኒ ፕላስ» የሚል ምክር ካጋጠመዎ ጊዜው ያለፈበት ነው፤ አይከተሉት።

ማስያዝ የሚከፈተው መቼ ነው?

በዲዝኒ ሆቴል ለሚያርፉ፣ ሆቴል ከሚገቡበት ቀን 7 ቀን በፊት ይከፈታል፤ በዚያው ጠዋት የቆይታቸውን ቀናት ሁሉ፣ እስከ 14 ቀን ድረስ፣ ማስያዝ ይችላሉ። ሌላ ሆቴል ወይም ዘመድ ቤት ለሚያርፉ ከእያንዳንዱ የፓርክ ቀን 3 ቀን በፊት ነው። ቅዳሜ የሚገቡ ከሆነ ረቡዕ ጠዋት፣ እሑድ ለሚገቡበት ደግሞ ሐሙስ ጠዋት ይነሣሉ ማለት ነው።

የሚከፈተው በፍሎሪዳ ሰዓት አቆጣጠር በፈረንጅ 7፡00 ኤኤም፣ በእኛ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ነው። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ዋሽንግተን ዲሲ፣ ቨርጂኒያ፣ ሜሪላንድና አትላንታ ያለ ሰው ሰዓቱ ከፍሎሪዳ ጋር አንድ ነው። ዳላስና ሚኒያፖሊስ ከንጋቱ 12 ሰዓት፣ ዴንቨር ከሌሊቱ 11 ሰዓት፣ ሲያትልና ሎስ አንጀለስ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ይሆናል። ከአዲስ አበባ ሆኖ ለሚያስይዝ በበጋ፣ ማለትም አሜሪካኖቹ ሰዓታቸውን ወደፊት በሚገፉባቸው ወራት፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ነው፤ በክረምታቸው ደግሞ 9 ሰዓት። ዱባይ ላይ በዚያው መሠረት ከቀኑ 9 ወይም 10 ሰዓት ይሆናል። ስልክዎ ላይ ማንቂያ ሲሞሉ ቀኑንም ሰዓቱንም በፈረንጅ አቆጣጠር ይሙሉት፤ «1 ሰዓት» ብለው ሞልተው ሌሊት የሚደወልባቸው አሉ። አሜሪካ ውስጥ ወር ከቀን ቀድሞ እንደሚጻፍም አይርሱ፤ 6/7 ጁን 7 ነው።

ከዚያ ጠዋት በፊት ምን ምን ማለቅ አለበት?

ጠዋት 1 ሰዓት ላይ የሚቀርዎ ሥራ መምረጥና መክፈል ብቻ መሆን አለበት። ሌላው በዋዜማው ያልቃል።

ማይ ዲዝኒ ኤክስፒሪየንስ የሚባለውን አፕ ስልክዎ ላይ ይጫኑና አካውንት ይክፈቱ። የሁሉንም ሰው ትኬት፣ ትኬት የተገዛላቸውን ልጆችም ጭምር፣ በትኬቱ ቁጥር አካውንቱ ውስጥ ያስገቡ። ትኬት ያልተያያዘለት ሰው መልቲ ፓስ ሊገዛለት አይችልም። አካውንት የሌላቸውን፣ ለምሳሌ ከአገር ቤት ለጥየቃ የመጡ እናትና አባትን፣ እርስዎ በሚያስተዳድሩት ዝርዝር ውስጥ ስማቸውን ጽፈው ይጨምሯቸው። ስማቸውን እንደ ፓስፖርታቸው አድርገው ይጻፉት፤ በር ላይ ችግር ከተፈጠረ መታወቂያ ይጠየቃል። የእኛ ቤተሰብ ባልና ሚስት፣ አባትና ልጅ በመጨረሻ ስም አይመሳሰልም፤ ይህ ምንም ችግር የለውም፣ አፑ የቤተሰብ ስም አያመሳክርም።

አንድ ነገር ግን በደንብ ይፈትሹ፦ የአንድ ሰው ስም ሁለት ጊዜ እንዳይገባ። ሆቴሉን ሲይዙ አንድ ጊዜ፣ ትኬቱን ሲያያይዙ ሌላ ጊዜ ስም ከጻፉ አፑ ሁለት የተለያዩ ሰዎች አድርጎ ይይዛቸዋል፤ ሆቴሉ በአንዱ፣ ትኬቱ በሌላው ላይ ይቀመጣል። ውጤቱ የሚታየው በዚያ ጠዋት ነው፦ የ7 ቀኑ መብት ለሰውየው አይመጣም። ዝርዝሩ ውስጥ «አበበች» ሁለት ቦታ ካዩ ዲዝኒ ጋ ደውለው እንዲያዋህዱልዎ ያድርጉ፤ ይህ ስልክ ስለሚያቆይ ቢያንስ ሳምንት ይቅደሙ።

የመክፈያ ካርድዎንም ቀድመው አፑ ላይ ያስገቡና ጊዜው ያላለፈበት መሆኑን ይዩ። ከዚያ የሚፈልጓቸውን መጫወቻዎች በቅደም ተከተል ወረቀት ላይ ይጻፉ። ሰዓቱ ሊደርስ 10 ደቂቃ ሲቀረው አፑን ከፍተው ገብተው ይጠብቁ።

የመጀመሪያዎቹን 3 መጫወቻዎች እንዴት ልምረጥ?

የፓሱ ጥቅም ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ስለዚህ ጊዜ ሰጥተው ያስቡበት።

በማጂክ ኪንግደም፣ በኤፕኮትና በሆሊውድ ስቱዲዮስ መጫወቻዎቹ በሁለት ምድብ ተከፍለዋል። ከተፈላጊዎቹ ምድብ 1 ብቻ፣ ከሁለተኛው 2 ይመርጣሉ። በአኒማል ኪንግደም ምድብ የለም፣ የፈለጉትን 3 ይይዛሉ። ሦስቱም ከአንድ ፓርክ መሆን አለባቸው። እያንዳንዱ ቀጠሮ የ1 ሰዓት ጊዜ አለው፤ 3፡20 እስከ 4፡20 ካለ በዚያ መካከል በማንኛውም ደቂቃ መድረስ ይችላሉ።

በዕለቱ ከሦስቱ አንዱን ተጠቅመው እንዳለፉ አፑ አንድ ሌላ እንዲይዙ ይፈቅድልዎታል፤ ያን ጊዜ የምድቡ ገደብ ይነሣል። ያንንም ሲጠቀሙ ደግሞ ሌላ፣ እንዲህ እያለ እስከ ማታ ይቀጥላል። አንዱን መጫወቻ በመልቲ ፓስ በቀን ሁለቴ መያዝ ግን አይቻልም።

ከዚህ የሚከተለውን ልብ ይበሉ። ሦስቱን ቀጠሮ ከሰዓት በኋላ ያደረገ ሰው፣ ለምሳሌ 8፣ 10 እና 12 ሰዓት ላይ፣ እስከ 8 ሰዓት ድረስ አዲስ ነገር መያዝ አይችልም። ሙሉ ጠዋቱን የከፈለበት ፓስ ሳይሠራ ያልፋል። ሦስቱን ጠዋት ላይ ያደረገ ሰው ግን ረፋዱ ላይ አራተኛውን፣ ምሳ ሳይደርስ አምስተኛውን ይይዛል። ስለዚህ ከተፈላጊው መጫወቻ ያገኙትን ሰዓት ይውሰዱ፤ ሁለቱን የቀሩትን ግን ፓርኩ በተከፈተ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ሰዓታት ውስጥ ያድርጓቸው፣ መጫወቻው ያን ያህል የማያጓጓ ቢሆን እንኳ። ዓላማቸው ለቀጣዩ ቀጠሮ በሩን መክፈት ነው።

በሆሊውድ ስቱዲዮስ ቶሎ የሚያልቀው ስሊንኪ ዶግ ዳሽ ነው፤ ልጆች ካሉ እሱን በመጀመሪያ ይያዙ። በማጂክ ኪንግደም ፒተር ፓንስ ፍላይት ለትንንሽ ልጆች ቁመት የማይጠይቅ፣ ሰልፉ ግን ቀኑን ሙሉ የማይቀንስ በመሆኑ ፓስ የሚገባው መጫወቻ ነው።

የፈለጉትን ሰዓት ባያገኙም ተስፋ አይቁረጡ። ያገኙትን ይያዙና ከዚያ ሰዓቱን የመለወጫውን ቁልፍ እየነኩ ይመልከቱ። ሰዎች ዕቅዳቸውን ሲቀይሩ ሰዓት ይለቀቃል። አዲሱን እስኪያጸድቁ ድረስ የቀድሞው እጅዎ ላይ ነው፤ ሰርዞ እንደገና መፈለግ ግን ባዶ እጅ ሊያስቀር ይችላል።

ዋጋው ስንት ነው? ለሁሉም ሰው መግዛት አለብኝ?

የመልቲ ፓስ ዋጋ በየቀኑና በየፓርኩ ይለያያል፤ በአብዛኛው ለአንድ ሰው በቀን ከ15 እስከ 40 ዶላር አካባቢ ሆኖ በገና ሰሞን ከዚያም ይንራል። ማጂክ ኪንግደም ውዱ ነው። ሲንግል ፓስ ለአንድ መጫወቻ በአብዛኛው ከ10 እስከ 25 ዶላር ነው።

ዕድሜው 3 ዓመት ላልሞላ ልጅ ትኬትም ፓስም አያስፈልግም። ከ3 እስከ 9 ዓመት የልጅ ትኬት፣ ከ10 ጀምሮ የአዋቂ ትኬት ነው። በፓሱ ላይ ግን የልጅ ቅናሽ የለም። አባት፣ እናት፣ የ12ና የ7 ዓመት ልጆች፣ አንድ የ2 ዓመት ሕፃንና አያት ያሉበትን ቤተሰብ እንውሰድ። አያት መጫወቻ ላይ ካልወጡ ትኬት ብቻ ይበቃቸዋል። ፓስ የሚገዛው ለ4 ሰው ነው፤ ዋጋው በዕለቱ 30 ዶላር ከሆነ ታክስ ሳይጨምር 120 ዶላር። አያት በላይትኒንግ ሌን አብረው መግባት ስለማይችሉ ጥላ ያለበት መቀመጫ ፈልገው ይጠብቃሉ።

በእኛ አስተያየት ገንዘቡ አጠር ያለ ቤተሰብ ፓሱን በማጂክ ኪንግደምና በሆሊውድ ስቱዲዮስ ቀን ይግዛ፤ አኒማል ኪንግደም ላይ መጫወቻዎቹ ጥቂት ስለሆኑ በማለዳ በመግባት ይታለፋል።

ልጄ ቁመቱ አይደርስም ቢባልስ?

አፑ ቁመት አይጠይቅም፤ ከፍለው ያስያዙለት ልጅ በር ላይ በመለኪያው እንጨት ሥር ቆሞ ሊመለስ ይችላል። ልጅ እያለቀሰ ከሰልፍ ማውጣት ከባድ ነው፤ ከቤት ሳይወጡ ይለኩት። ትሮን 122 ሴንቲ ሜትር፣ ፍላይት ኦፍ ፓሴጅና ስፔስ ማውንቴን 112፣ ኮስሚክ ሪዋይንድ 107፣ ራይዝ ኦፍ ዘ ሬዚስታንስና ቲያናስ ባዩ አድቬንቸር 102፣ ስሊንኪ ዶግ ዳሽ 97 ይጠይቃሉ።

ቁመቱ ያልደረሰ ልጅ ካለ ራይደር ስዊች የሚባል ነፃ አገልግሎት አለ። በመግቢያው ላይ ለቆመው ሠራተኛ ልጁን ያሳዩና ይጠይቁ። አንዱ ወላጅ ይገባል፣ ሌላው ከልጁ ጋር ይቆያል፤ የመጀመሪያው ሲወጣ ልጁን ተረክቦ ሁለተኛው ረጅሙን ሰልፍ ሳይጠብቅ ይገባል። ሠራተኛው የሚመዘግበው ሁሉም በር ላይ በአካል ሲገኙ ስለሆነ ልጁን ሌላ ቦታ ትተው አይሂዱ።

ዝናብ ቢመጣ ወይም መጫወቻው ቢቆም ገንዘቤ ይጠፋል?

በፍሎሪዳ በጋ ከሰዓት በኋላ መብረቅ ያለው ዝናብ የተለመደ ነው። መብረቅ ሲቃረብ ስሊንኪ ዶግ ዳሽን የመሳሰሉ ደጅ ያሉ መጫወቻዎች ይቆማሉ። በጁን፣ በጁላይና በኦገስት የሚሄዱ ከሆነ ደጅ ያለውን ጠዋት፣ ጣሪያ ያለውን ከሰዓት ይያዙ።

መጫወቻው በእርስዎ ሰዓት ውስጥ ከቆመ ቀጠሮው በራሱ ይለወጥና በዚያ ቀን ከተዘረዘሩት ሌሎች መጫወቻዎች በአንዱ የሚያስገባ ይሆናል፤ ዝርዝሩን አፑ ላይ ያዩታል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሠራው ስሕተት ተደናግጦ ቀጠሮውን በገዛ እጁ መሰረዝ ወይም መለወጥ ነው። አይንኩት። ለውጡ የሚመጣው የእርስዎ ሰዓት ሲደርስ ስለሆነ እስከዚያ ይጠብቁ። ሲንግል ፓስ ከሆነና የተሰጠው ምትክ ካልተመቸዎ ፓርኩ ውስጥ ሰማያዊ ጃንጥላ ሥር የሚቆሙትን የእንግዳ ረዳቶች ያነጋግሩ። ከዚህ ውጪ ግን ፓሱ ገንዘብ አይመለስበትም፣ ለሌላ ሰውም አይዛወርም።

ብዘገይስ?

መግቢያው 5 ደቂቃ ቀድሞ ወይም 15 ደቂቃ ዘግይቶ የሚደርስን በተለምዶ ያስገባል። መብት ስላልሆነ አይመኩበት፤ እንደሚዘገዩ ካወቁ ሰዓቱ ሳያልፍ አፑ ላይ ይለውጡት።

መግቢያው ላይ ምን አደርጋለሁ?

እያንዳንዱ ሰው የራሱን ካርድ፣ ማጂክ ባንድ የሚባለውን የዲዝኒ የእጅ አንባር ወይም ስልክ ላይ ያለ ማለፊያ ምሰሶው ላይ ካለው ክብ ጋር ያስነካል። ክቡ አረንጓዴ ሲበራ ይለፉ። ሰማያዊ ከበራ ሰዓቱ አልደረሰም፣ አልፏል ወይም የሌላ ሰው ካርድ አስነክተዋል ማለት ነው፤ አይደንግጡ፣ ሠራተኛው ስክሪኑ ላይ አይቶ ይነግርዎታል። ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው የወንድምና የእኅት ካርድ መለዋወጥ ስለሆነ በየካርዱ ጀርባ ስም ይጻፉ። ውስጥ ሁለተኛ ማስነኪያ ሊኖር ስለሚችል ካርዱን ቦርሳ ውስጥ አይክተቱት። ስልክ ቀኑን ሙሉ ስለሚሠራ ተንቀሳቃሽ ቻርጀር ያስፈልጋል፤ ዋይፋይ በፓርኩ ውስጥ በነፃ አለ።

ሰው የተረፈውን የ2 ቀን ትኬት በርካሽ ሊሸጥልኝ ነው። ልግዛ?

አይግዙ። ትኬቱ በመጀመሪያው ቀን ከተጠቀመበት ሰው ጋር ይያያዛል፤ በር ላይ ጣት ይነበባል። ሻጩ የዋህ ቢሆን እንኳ ትኬቱ ለእርስዎ አይሠራም። በሌላ በኩል ሕጋዊ ፈቃድ ያላቸው ሻጮች ያልተነካ የመግቢያ ትኬት በመጠነኛ ቅናሽ ይሸጣሉ፤ እሱ ደኅና ነው። «ትኬት ከነሰዓቱ» ብሎ የሚሸጥልዎ ካለ ግን የትኛው መጫወቻ፣ በስንት ሰዓት፣ በማን ስም ብለው ይጠይቁ። በዲዝኒ ወርልድ ቀጠሮው እርስዎ አካውንት ውስጥ ካልታየ የለም።

ትኬቱ ቀን ያለው መሆኑንም ያስቡ። የ4 ቀን ትኬት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በ7 ቀን ውስጥ ማለቅ አለበት። ጨርሶ ያልተነካ ትኬት ገንዘቡ ባይመለስም ዋጋው ለሌላ ቀን ትኬት መግዣ ይውላል።

እናቴ ጉልበቷን ያማታል። ሰልፍ ሳትቆም የምትገባበት መንገድ አለ?

ዲዝኒ ለአካል ጉዳት ያለው ነፃ አገልግሎት በዋናነት እንደ ኦቲዝም ባለ የዕድገት ችግር ምክንያት ሰልፍ መቆም ለማይችሉ ነው፤ ምዝገባው ከጉዞ በፊት በቪዲዮ ጥሪ ይካሄዳል። ለእግርና ለጉልበት ሕመም የሚሰጠው መልስ ተሽከርካሪ ወንበር ነው። በፓርኩ መግቢያ አጠገብ ይከራያል፤ አብዛኛው ሰልፍም ወንበር ያሳልፋል። እናትዎ ወንበር አያስፈልገኝም ቢሉ እንኳ ይከራዩላቸው፤ በእነዚህ ፓርኮች በቀን የሚሄዱት እርምጃ ለጤነኛም ይከብዳል።

ፓስ ሳልገዛ ይሆንልኛል?

ማልደው ከተነሡ ይሆናል። በዲዝኒ ሆቴል ያረፈ ከሌላው ሰው 30 ደቂቃ ቀድሞ ይገባል። ሌላ ቦታ ያረፈም ከመክፈቻው 45 ደቂቃ በፊት በሩ ላይ ቢደርስ የመጀመሪያው ሰዓት ላይ ሁለት ሦስት ትልልቅ መጫወቻ ይይዛል። ትልልቅ ልጆች ተለያይተው መቀመጥ ካልከበዳቸው በኤክስፔዲሽን ኤቨረስትና በስመግለርስ ረን ብቸኛ ለሚገባ ሰው የተለየ አጭር ሰልፍ አለ።

በዩኒቨርሳልና በካሊፎርኒያው ዲዝኒላንድስ አሠራሩ አንድ ነው?

አይደለም። የዲዝኒ ተፎካካሪ በሆነው በዩኒቨርሳል ኦርላንዶ ሰልፍ የሚያሳጥረው ኤክስፕረስ ፓስ ሰዓት አይያዝለትም፤ በፈለጉት ጊዜ በአጭሩ መግቢያ ይገባሉ። ፖርቶፊኖ ቤይ፣ ሃርድ ሮክ ሆቴልና ሮያል ፓሲፊክ ውስጥ ላረፈ ከክፍሉ ጋር በነፃ ይሰጣል፤ ለገቡበትም ለለቀቁበትም ቀን ስለሚሠራ 1 ሌሊት አድሮ 2 ቀን መጠቀም ይቻላል። የመግቢያ ትኬቱ ግን ለብቻ ይገዛል፤ በተጨማሪም የሚያገለግለው በዩኒቨርሳል ስቱዲዮስ ፍሎሪዳና በአይላንድስ ኦፍ አድቬንቸር ነው፣ ሜይ 22፣ 2025 የተከፈተውን ኤፒክ ዩኒቨርስን አይጨምርም። ለ5 ሰው ኤክስፕረስ ለብቻው ሲገዛ የሚወጣውን ከአንድ ሌሊት የክፍል ኪራይ ጋር አስተያይተው ይወስኑ፤ ብዙ ጊዜ ክፍሉ ይረክሳል።

በካሊፎርኒያው ዲዝኒላንድ መልቲ ፓስን ትኬቱን ሲገዙ አብሮ መጨመር ይቻላል፤ ፓርኩ ውስጥ የሚያነሱዎትን ፎቶዎች ማውረድንም ያካትታል። መጨመሩ ብቻውን ግን አንድም መጫወቻ አያስይዝልዎትም፤ ሰዓቶቹን አፑ ላይ አንድ በአንድ የሚመርጡት እርስዎ ነዎት።